ነጭ ዓሣ ወንዝ ሲወጣ

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክረምቱ ሲገባ መንጠቆና ትል ይዞ ወደ መገጭ የሚወርድ ልጅ በአዘዞም ሆነ በደንቢያ አይጠፋም። የጎንደርን ተራሮች ውኃ ሰብስቦ ጣና የሚገባው ይህ ወንዝ በዚያው ሰሞን ሌላ እንግዳም አለው። ከሐይቁ ሽቅብ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ነው።

ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሳይንቲስቶች ላቢዮባርበስ በሚሉት ወገን ሥር ጣና ላይ 15 ያህል ዝርያዎች ተለይተዋል፤ አብዛኞቹ ከጣና ውጭ የትም የሉም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው የዓባይ ዓሣ ስለለያቸው ሐይቁ ውስጥ በየፊናቸው ተለወጡ፤ ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ አዳኝ ሆነዋል። ከዝርያዎቹ ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት የግድ ወንዝ ይሻሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ሽቅብ ተጉዘው ጠጠር ባለበት፣ ውኃው ጠርቶ በሚፈስበት ገባር እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጭቃ የለበሰ እንቁላል ታፍኖ ይሞታልና ጠጠሩ ቅንጦት አይደለም። ጉማራ፣ ርብ፣ ግልገል ዓባይ፣ ድርማና መገጭ የታወቁ መውጫዎቻቸው ናቸው።

እንግዲህ ለመዝናናት የሚጣል መንጠቆ ጉዳቱ ምን ያህል ነው? የተያዘውን ዓሣ ብቻ ከቆጠርን እንሳሳታለን። ወሳኙ ጊዜውና ቦታው ነው። በጥር ከሐይቁ መሐል የወጣች ዓሣ አንድ ዓሣ ናት። በነሐሴ በወንዝ አፍ የተያዘችው ግን ሆዷ ውስጥ ገና ያልተጣለ ብዙ ሺህ እንቁላል ይዛለች፤ ነጭ ዓሣ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ለመውለድ ዓመታት የሚፈጅ ፍጡር ነው።

መልሶ መልቀቅም ሁልጊዜ አያድንም። በሰሜን አሜሪካ ባስ የሚባለው ዓሣ ወንዱ ጎጆውን ይጠብቃል፤ ወደ እንቁላሎቹ የቀረበን መንጠቆ የሚነክሰው ርቦት ሳይሆን ሊያባርር ነው። ተይዞ ለጥቂት ደቂቃ ከጎጆው ሲርቅ ትናንሽ ዓሦች ገብተው እንቁላሉን ይለቅማሉ፤ ሲመለስም ደክሞት ጎጆውን ጥሎ የሚሄድበት ጊዜ አለ። በካናዳዋ ኦንታሪዮ በብዙ ቦታ ባስ ማጥመድ በመራቢያው ወቅት የሚከለከለው ለዚህ ነው። የእኛው ቀረሶ ነገሩ ሌላ ነው። እናቲቱ እንቁላሉን በአፏ ትታቀፋለች፤ በዚያን ጊዜ እምብዛም ስለማትበላ ለትል አትታለልም። እሷን የሚይዛት መረብ ነው፤ ስትያዝም አብዛኛውን ጊዜ ያቀፈችውን ትተፋለች።

ልጆቹን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ጣና ላይ በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማጥመድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በደቡባዊው የሐይቁ ክፍል በተደረገ ጥናት የነጭ ዓሣ ብዛት በ75 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። በመራቢያ ወቅት የወንዝ አፍን በመረብ መዝጋት፣ ወንዝ ውስጥም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ጨምሮ ዓሣ ማደንዘዝ ከስንት መንጠቆ ይብሳል። መርዙ ትልቅ ትንሽ አይልም፤ ጫጩቱንም ይወስዳል። በዚያ ላይ የአሸዋ ቁፋሮው፣ የመስኖ ጠለፋውና ግድቡ አለ። ርብ ተገድቧል፤ የመገጭ ግድብ ግንባታም ለዓመታት ሲጓተት ቆይቷል። ግድብ ላይ የደረሰ ዓሣ የሚወጣበት መንገድ ከሌለው ከላይ ያለው ጠጠር ለእሱ እንደሌለ ነው።

ለመዝናናት የሚያጠምድ ሰው ግን ሌሎቹ የሌላቸው ነፃነት አለው፤ የዕለት እንጀራው ከዓሣው ላይ አይደለም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወንዙንና አፉን ትቶ ጎርጎራ ዳርቻ ላይ ቢቀመጥ የሚያጣው ነገር ብዙ አይደለም። ነጭ ዓሣ ቢይዝም እጁን አርጥቦ፣ ከውኃው ብዙም ሳያወጣ መንጠቆውን ነቅሎ ይልቀቀው። አምባዛ ግን ከያዘ ለወጡ ይሁንለት።