የሚሞላ ካርድ ወይስ የሚያበድር ካርድ?
የዕለት ገንዘባችንን በትንሽ ወጪ ስለ መያዝ

በፔታሕ ቲቅቫ ዳርቻ ባለው በሰጉላ የኢንዱስትሪ ሠፈር በየማለዳው ከአውቶቡስና ከባቡር የሚወርደው ሠራተኛ ብዙ ነው። ከነዚህም መካከል ከጎንደርና ከአዲስ አበባ መጥተው ገና ዕብራይስጡን በመማር ላይ ያሉ እናቶችና አባቶች ይገኛሉ። በጽዳት፣ በማሸግና በመጋዘን ሥራ ደክመው ያገኙት ደመወዝ ወደ ባንክ ይገባል። ከባንክ ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ ግን ሳይታይ የሚንጠባጠብ ገንዘብ አለ። ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ጋር የምንነጋገረው ስለዚሁ ገንዘብ ነው።

ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ሁሉ የሚሞላ ካርድን ያውቃል። ለሞባይል ስልክ ካርድ ይገዛል፣ ተፍቆ ይሞላል፤ የተሞላው ሲያልቅ ስልኩ ዝም ይላል። ዕዳ የሚባል ነገር የለበትም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2021 ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህም ገንዘብን በስልክ ሞልቶ መክፈል በብዙ ቤት ተለምዷል። እዚህ አገር ለአውቶቡስና ለባቡር የምንይዘው ራቭ ካቭም አስቀድሞ ገንዘብ ሊሞላበት ይችላል። ስለሆነም አሳቡ ለእኛ አዲስ አይደለም። ችግር የሚሆነው በዚህ አገር ካርድ የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት መስሎ መታየቱ ነው። መልካቸው ይመሳሰላል፤ በሱቅ ማሽን ላይ የሚነኩትም በአንድ መንገድ ነው። ነገር ግን አንዱ ያላችሁን ገንዘብ ያወጣል፣ ሌላው የሌላችሁን ያበድራል።

ሦስት ካርዶች፣ ሦስት ጠባይ

የመጀመሪያው «ካርቲስ አሽራይ» የሚባለው የብድር ካርድ ነው። ዛሬ የገዛችሁበት ሂሳብ ተጠራቅሞ በወር አንድ ቀን ከባንክ ይወሰዳል። በሱቅ ገንዘብ ተቀባይዋ «ካማ ታሽሉሚም?» ብላ ስትጠይቅ፣ በስንት ጊዜ ትከፍላላችሁ ማለቷ ነው። «ሻሎሽ» ብሎ የመለሰ ሰው ከሚቀጥሉት የሦስት ወር ደመወዞቹ ላይ ከአሁኑ ቆርሶ ሰጥቷል። በገበያ አዳራሾች መግቢያ ጠረጴዛ ዘርግተው «ካርዱ በነፃ ነው፣ ስጦታም አለው» የሚሉ ሰዎችም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈርሙት ለዚህ ዓይነት ካርድ ነው። አንዳንዱ «አሽራይ ሚትጋልጌል» ይባላል፤ በየወሩ ጥቂት ብቻ ይከፈልና የቀረው ዕዳ ከነወለዱ ወደሚቀጥለው ወር ይንከባለላል። አባቶቻችን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ያሉት እንዲህ ላለው ፊርማ ይሆናል።

ሁለተኛው «ካርቲስ ዴቢት»፣ በሌላ ስሙ «ሒዩቭ ሚያዲ» ነው። ከባንክ ሂሳባችሁ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ዕቃ ስትገዙ ገንዘቡ ሳይቆይ ከሂሳቡ ይቀነሳል። የሚኑስ ፈቃድ፣ ማለትም «ሚስጌሬት» ካልወሰዳችሁ በቀር፣ ገንዘባችሁ ሲያልቅ ካርዱ እምቢ ይላል። በታሽሉሚም መክፈልም አይቻልበትም። ይህ ብዙ ሰው እንደ ጉድለት የሚቆጥረው ነገር ለአዲስ ገቢ ቤተሰብ ትልቅ ጥበቃ ነው።

ሦስተኛው «ካርቲስ ኒትዓን» ነው፤ የሚሞላ ካርድ ማለት ነው። በፖስታ ባንክና በካርድ ኩባንያዎች በኩል ይገኛል። የባንክ ሂሳብ የሌለው ሰው ሊይዘው የሚችል ዓይነትም አለ። የሞላችሁበትን ያህል ብቻ ያወጣል። ከማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ለአንዳንድ ቤተሰቦች የሚሰጠው የምግብ ካርድም የዚሁ ዘር ነው፤ ነገር ግን በእሱ የሚገዛው ምግብ ብቻ ስለሆነ ሲጋራና መጠጥ አያስገዛም፣ ጥሬ ገንዘብም አያወጣም።

ኪስና ጎተራ

አንዳንድ ቤተሰቦች ሚኑስን ከመፍራት የተነሣ «ባንክ ይቅርብን፣ በሚሞላ ካርድ ብቻ እንኑር» ይላሉ። ፍርሃታቸው መሠረት አለው፤ መፍትሔው ግን አያዋጣም። የሚሞላ ካርድ ኪስ ነው። የባንክ ሂሳብ ደግሞ ጎተራ ነው። ቢቱሐ ሌኡሚ በየወሩ በ20ኛው ቀን የሚከፍለው የልጆች አበል የሚገባው በሂሳብ ነው። የመብራትና የውሃ ክፍያ በ«ሆራአት ቄቫ» በየጊዜው እንዲቀነስ ለማድረግም ሂሳብ ያስፈልጋል። ቤት ሲከራዩም አከራዩ የባንክ ወረቀት ይጠይቃል። ጎተራ የሌለው ሰው በኪስ ብቻ ቤት ሊያስተዳድር አይችልም።

ኪሱም ቢሆን በቦታው ጠቃሚ ነው። ወደ ጉዞ ለሚሄድ ወጣት ልክ ያለው ገንዘብ ለመስጠት፣ በኢንተርኔት ዕቃ ሲገዙ ዋናውን ሂሳብ ላለማጋለጥ፣ እንዲሁም የሳምንቱን የአስቤዛ ገንዘብ ለብቻው ለመለየት ያገለግላል። እቁብ የጣለ ሰው ይህን ያውቃል፤ ገንዘብ ከሌላው ተለይቶ ሲቀመጥ እጅ ቶሎ አይነካውም። ባንኩ ቼኮቹን መልሶበት ሂሳቡ የታገደበት ሰውም ይጠቀምበታል። በ1981 በወጣው ሕግ መሠረት በ12 ወር ውስጥ 10 ቼኮች ያለ ስንቅ የተመለሱበትና በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቼክ መካከል ቢያንስ 15 ቀን ያለፈበት ሂሳብ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። የታገደው ቼክ መጻፍ ነው፤ ሂሳቡን በፕሉስ መያዝ ግን አልተከለከለም።

ርካሹ ካርድ የትኛው ነው?

«ርካሽ ካርድ የቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ «እኔ በወር ስንት ጊዜ እሞላለሁ? ስንት ጊዜስ ጥሬ ገንዘብ አወጣለሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። በሚሞላ ካርድ ላይ «ዓምላ»፣ ማለትም የአገልግሎት ክፍያ በብዙ በር ሊገባ ይችላል። ካርዱን ሲገዙ፣ በየወሩ፣ በሞሉ ቁጥር፣ ከኬስፖማት ገንዘብ ባወጡ ቁጥር፣ በውጭ ገንዘብ ሲከፍሉ፣ እንዲሁም ካርዱ ሳይሠራበት ሲቆይ ሊጠየቅ ይችላል።

ለስሌት እንዲመች ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው። አንድ ካርድ የወር ክፍያ የለውም፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ መሙላት 5 ሸቄል፣ ለእያንዳንዱ ገንዘብ ማውጣት 6 ሸቄል ይወስዳል። በየሳምንቱ እየሞላ በየሳምንቱ ጥሬ ገንዘብ የሚያወጣ ቤተሰብ በወር 4 ጊዜ 5፣ 4 ጊዜ 6፣ በጠቅላላው 44 ሸቄል ይከፍላል። በዓመት 528 ሸቄል ይሆናል፤ በዚህ ገንዘብ ለልጆች የክረምት ጫማ ይገዛል። ይህንኑ ካርድ በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞላና በቀጥታ በሱቅ የሚከፍልበት ቤተሰብ ግን በወር 5፣ በዓመት 60 ሸቄል ብቻ ያወጣል። ካርዱ ያው አንድ ካርድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው አያያዙ ነው።

አሁን ከባንኩ ጋር እናስተያይ። ከኤፕሪል 2014 ጀምሮ ባንኮች «ማስሉል በሲሲ» የተባለ የክፍያ መንገድ እንዲያቀርቡ በእስራኤል ባንክ ተደንግጓል። በዚህ መንገድ በወር አንድ ሥራ በፀሐፊ ፊት፣ 10 ሥራዎች ደግሞ በማሽን፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት መሥራት ይቻላል። ዋጋው በወር ከ10 ሸቄል እንዳይበልጥ ተወስኖ ነው የወጣው። ስለዚህ ለብዙ አዲስ ገቢ ቤተሰብ በፕሉስ የሚያዝ ሂሳብ፣ ማስሉል በሲሲና አንድ ዴቢት ካርድ አንድ ላይ ሆነው ከሚሞላ ካርድ ይረክሳሉ። ነገር ግን ሳይጠይቁት ይሰጠኛል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ለካርዱ የተለየ የወር ክፍያ እንዳለውም ቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ፖስታ ባንክም ሌላ አማራጭ ነው፤ ሚኑስ ስለማይሰጥ ያለውን ብቻ ማውጣት ለሚፈልግ ሰው ይስማማል።

«ሂሳብ አንከፍትልህም» የተባለ ሰው ቢኖር ዝም ብሎ አይመለስ። በ1981 የወጣው የባንክ ደንበኞች አገልግሎት ሕግ፣ ባንክ ያለ በቂ ምክንያት በፕሉስ የሚያዝ ሂሳብ ከመክፈት እንዳይከለክል ያዛል። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያም በእስራኤል ባንክ ውስጥ ላለው የባንኮች ተቆጣጣሪ ክፍል አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል።

«መውጣቱን ግን አላይም»

በሰጉላ በጽዳት ሥራ የሚሠሩ አንዲት እናት የባንክ ወረቀቶቻቸውን በፌስታል ይዘው ወደ ቢሮ መጡ። «ልጄ፣ ደመወዙ ሲገባ አያለሁ፤ መውጣቱን ግን አላይም» አሉ። ባንኩ እየሰረቃቸው መስሏቸው ስንት ሌሊት ሳይተኙ አድረዋል። «እማማ፣ መስመር በመስመር እናንብበው» ብዬ አብረን ተቀመጥን።

ሌባ አልነበረም። ካርዳቸው የብድር ካርድ ነበር፤ ሂሳቡ የሚወሰደውም በየወሩ በ2ኛው ቀን ነበር። ደመወዛቸው ግን የሚገባው በ9ኛው ቀን ነው። በመካከሉ ላለው አንድ ሳምንት በየወሩ ሚኑስ ውስጥ ይገቡ ነበር፤ ለሚኑሱም ወለድ ይከፍሉ ነበር። ከዚህም ሌላ ከሥራ ሲወጡ መንገድ ላይ ካለ የግል ኬስፖማት ትንሽ ትንሽ ገንዘብ ያወጡ ስለነበር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ክፍያ ተወስዶባቸዋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው፤ የራሳቸው ገንዘብ በመንገድ ላይ እያለ ሳያውቁት ይበደሩ ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ሆነ። የካርዱ ሂሳብ የሚወሰድበት ቀን ከደመወዙ በኋላ ወደ 15ኛው ቀን ተዛወረ፤ ለዕለት ወጪ ደግሞ ዴቢት ካርድ ወሰዱ። ጥሬ ገንዘብ በወር ሁለት ጊዜ ብቻ ከባንካቸው ማሽን ያወጣሉ። ከወራት በኋላ ሚኑሱ ተዘጋ። ደመወዛቸው አንድ ሸቄል እንኳ አልጨመረም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ በግድግዳው ላይ ሦስት ቀኖችን ይጻፍ፤ ደመወዝ የሚገባበትን፣ የልጆች አበል የሚገባበትን፣ ካርዱ የሚወስድበትን። ደመወዝን በተመለከተ በ1958 የወጣው ሕግ፣ እስከሚቀጥለው ወር 9ኛ ቀን ያልተከፈለ ደመወዝን እንደዘገየ ስለሚቆጥረው፣ ከዚያ የሚያዘገይ አሠሪ ያለው ሠራተኛ መብቱን ሊጠይቅ ይችላል። የግል ኬስፖማት ሲያጋጥም ደግሞ ክፍያው በመስኮቱ ላይ ይታያል። «ኢሹር» የሚለውን ከመጫን በፊት አንብቡ፤ ካልተስማማችሁ «ቢቱል» የሚለውን ተጫኑ።

ካርዱ በማን እጅ ነው?

በብዙ ቤት ዕብራይስጥ የሚያነቡት ልጆች ናቸው። በመሆኑም የምሥጢር ቁጥሩን፣ «ኮድ ሶዲ» የሚባለውን፣ የ12 ዓመት ልጅ ያውቀዋል፤ እናቱ ግን አታውቀውም። ልጅ ወላጁን ቢረዳ መልካም ነው። ነገር ግን የቤቱን ገንዘብ ቁልፍ ሲይዝ የወላጅ ክብር ይጎዳል፣ ልጁም ያለ ዕድሜው ሸክም ይወድቅበታል። አራት ቁጥር ለማጥናት ዕብራይስጥ ማወቅ አያስፈልግም።

በባልና ሚስት መካከልም እንዲሁ ነው። ሁለቱም የሚሠሩ ከሆነ ሁለቱም በየስማቸው ካርድ ይያዙ፤ ወረቀቱንም አብረው ይዩት። አንዱ ብቻ ካርዱን ይዞ ሌላው ለዳቦ የሚለምንበት ቤት ሰላም አይኖረውም።

ካርድ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ ሳትቆዩ ለካርዱ ኩባንያ አሳውቁ። በ2019 የወጣው የክፍያ አገልግሎት ሕግ ወዲያው ያሳወቀን ሰው ከትልቅ ኪሳራ ይጠብቀዋል። የምሥጢር ቁጥሩን ለሌላ አሳልፎ የሰጠ ሰው ግን ይህን ጥበቃ ሊያጣ ይችላል። «ከፖስታ ቤት ነን፣ ዕቃ መጥቶልሃል፣ የካርድ ቁጥርህን ጻፍ» የሚል መልእክት በስልክ ቢመጣም አትመልሱ፤ ብዙ ሰው በዚህ ተዘርፏል። ስም ባልተጻፈበት የሚሞላ ካርድ ላይ የቀረ ገንዘብን ማስመለስ ደግሞ እንደ ጥሬ ገንዘብ ሊከብድ ስለሚችል፣ ከተቻለ በስማችሁና በመታወቂያ ቁጥራችሁ የተመዘገበውን ምረጡ።

በመስኮቱ ፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን በዕብራይስጥ ጠይቁ፤ ይህን ገጽ ቆርጣችሁ ይዛችሁ ብትሄዱም አያሳፍርም።

«ዜ ዴቢት ኦ አሽራይ?» — ይህ ወዲያው የሚቀንስ ነው ወይስ የሚያበድር?
«የሽ ዓምላ ሖድሺት?» — የወር ክፍያ አለው?
«ካማ ኦላ ኮል ትዒና?» — አንድ ጊዜ መሙላት ስንት ነው?
«ካማ ኦላ መሺኻት መዙማን?» — ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ስንት ነው?
«ማ ኮሬ ኢም ሃካርቲስ አባድ?» — ካርዱ ቢጠፋ ምን ይሆናል?

ለአምስቱም ግልጽ መልስ ያልሰጠ ሰው ፊት አትፈርሙ። «አኒ ኤሕሾቭ ዓል ዜ» ብላችሁ፣ አስብበታለሁ ማለት ነው፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ቤት ሂዱ፤ ለምታምኑት ሰው ወይም በሠፈራችሁ ላለ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ አሳዩ። ጥሩ የሆነ ካርድ ነገም እዚያው ይጠብቃችኋል።