ያውቁ ኖሯል? ድንበር የተሻገረ ሁሉ ወንጀለኛ አይደለም

ከደብረ ማርቆስ፣ ከቢቸና ወይም ከሞጣ ተነስቶ በመተማ ወደ ሱዳን፣ አለዚያም በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ የወጣ ዘመድ ያለው አንባቢ ጥቂት አይደለም። ልጁ ተይዞ ዳኛ ፊት ሲቆም ምን እንደሚጠየቅ፣ ምንስ ሊመልስ እንደሚችል ግን ለቤተሰቡ የሚነግረው የለም። ዓምዳችን ዛሬ ያለ ፈቃድ ድንበር ማቋረጥንና የወንጀል ሐሳብን ይዞ ቀርቧል።

ያውቁ ኖሯል? በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ በ23ኛ አንቀጹ ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ይላቸዋል። ድርጊቱን የሚከለክል ሕግ መኖር አለበት፤ ድርጊቱ መፈጸም አለበት፤ ፈጻሚውም ያደረገው አስቦ ወይም በቸልተኝነት መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ ወንጀል የለም።

57ኛው አንቀጽ ደግሞ ይበልጥ ያጠብቀዋል። ጥፋት ሳይኖርበት፣ ከዐቅም በላይ በሆነ ኃይል ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ ለሆነ ነገር ማንም ሰው በወንጀል አይቀጣም።

ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲናገር ብቻ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? 59ኛው አንቀጽ የሚለው ይህንን ነው። አንድ የቅጣት ድንጋጌ ስለ ቸልተኝነት ዝም ካለ፣ ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹ አስቦ እንዳደረገው ማስረዳት ይጠበቅበታል።

«ይህ ለነፍስ ግድያና ለስርቆት እንጂ ለኢሚግሬሽን ጉዳይ አይሠራም» የሚል ካለ 3ኛውን አንቀጽ ያንብብ። የወንጀል ሕጉ ጠቅላላ መርሖዎች በሌሎች ዐዋጆች ውስጥ ላሉ ቅጣቶችም ይሠራሉ፤ ዐዋጁ ራሱ በግልጽ ሌላ ነገር ካልደነገገ በቀር። የኢሚግሬሽን ዐዋጅ ቁጥር 354/1995ም ከእነዚህ አንዱ ነው።

ለጎጃም ሰው አስቦና ሳያስብ የማድረግ ልዩነት አዲስ አይደለም። በንስሐ አባቱ ፊት የቆመ ምእመን «አውቄ በድፍረት፣ ሳላውቅ በስሕተት» ብሎ ኃጢአቱን ለሁለት ይከፍላል። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም አስቦ የገደለንና ሳያስብ የገደለን በአንድ ሚዛን አያስቀምጥም። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን የአውሮፓን መርሖ ይዘው ቢመጡም፣ ሐሳቡ እዚህ ቀድሞ ቤት ነበረው።

ያለ ጥፋት ተጠያቂ መሆን በአገራችን ሕግ ፈጽሞ የለም ማለት ግን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ 2071ኛ አንቀጽ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ሳይታሰብ ቢያመልጠውም ከኃላፊነት አይድንም። አዋበል ላይ በሬ ገመዱን በጥሶ የጎረቤት ጤፍ ቢያበላሽ ባለቤቱ «አስሬው ነበር» ማለቱ ብዙ አይጠቅመውም፤ ይከፍላል። በዚህ ግን አይታሰርም። ገንዘብ ያለ ጥፋት ሊጠየቅ ይችላል፤ የሰውን ነጻነት ለመውሰድ ግን ሕጉ ልቡን ይጠይቃል። ይህ መስመር በጽኑ የማምንበት ስለሆነ ቀጥሎ ያሉትን እውነታዎች ሁሉ የማየው በዚሁ ነው።

ያውቁ ኖሯል? «ድንበር መሆኑን አላወቅሁም» እና «ድንበር ማቋረጥ ክልክል መሆኑን አላወቅሁም» በሕግ ፊት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያው የፍሬ ነገር ስሕተት ነው። በ80ኛው አንቀጽ መሠረት ሰውዬው የሚዳኘው እውነት መስሎት በነበረው ነገር ነው፤ የወንጀል ሐሳብ ከሌለው አይቀጣም፤ መጠንቀቅ ሲገባው ካልተጠነቀቀም የሚጠየቀው ቸልተኝነቱ በሕግ የሚያስቀጣ ሲሆን ነው። ሁለተኛው ሕግን አለማወቅ ነው። 81ኛው አንቀጽ ይህን መከላከያ አድርጎ አይቀበልም። ሆኖም በሩን ጨርሶ አልዘጋም፤ በቅን ልቦና፣ በቂ ምክንያት ኖሮት መብት ያለው የመሰለውን ሰው ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል።

ይህ የወረቀት ላይ ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ መተማን አስቡ። መተማንና የሱዳኗን ገላባትን የሚለያቸው ትንሽ ወራጅ ውሃና ድልድይ ነው። ከዚያ ራቅ ሲባል ደግሞ ቁጥቋጦና የእርሻ መሬት ነው፤ ጥጃ ፍለጋ የወጣ እረኛ በየትኛው እርምጃ ሱዳን እንደገባ በምን ያውቃል? የድንበሩ ስምምነት በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና በእንግሊዙ ተወካይ በጆን ሃሪንግተን መካከል እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1902 አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። በማግስቱ ዓመት ምልክት ያኖረው የእንግሊዙ ሻለቃ ቻርልስ ግዊን ነበር። ስለ መስመሩ መንግሥታት ራሳቸው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እንዲህ ባለ ቦታ «አላወቅሁም» የሚል ሰው በደንብ ሊደመጥ ይገባል።

በደላላ የሚሄደው ልጅ ነገር ግን ከእረኛው ይለያል። 58ኛው አንቀጽ «አስቦ» የሚለው ውጤቱን የፈለገውን ብቻ አይደለም፤ ሕገ ወጥ ነገር ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የገፋበትንም ይጨምራል። ደላላው በሌሊት ሲያስነሳው፣ በኬላ በኩል ሳይሆን በጫካ ሲወስደው፣ ስልኩን ሲቀማው ልጁ መጠርጠሩ አይቀርም። እየጠረጠረ ከሄደ አውቋል ሊባል ይችላል። ቪዛዋ የተጣራ ነው ተብላ በአውሮፕላን ማረፊያ በግልጽ የሄደች፣ ማኅተሙ ሐሰተኛ ሆኖ የተያዘች ልጅ ግን ሌላ ናት። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር «ሕገ ወጥ» ብሎ መጥራት ትልቅ በደል ነው።

ዕድሜም ልዩነት ያመጣል፤ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ያሉት ደግሞ የአዋቂ ቅጣት አይጣልባቸውም፤ የራሳቸው ልዩ ድንጋጌ አላቸው።

አሁን ወደ ውጭ እንውጣ። እንግሊዝ ውስጥ የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው የላርሶኒየር መዝገብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1933 አንዲት ፈረንሳዊት ከእንግሊዝ እንድትወጣ ታዘዘች፤ ታዝዛም ወደ አየርላንድ ሄደች። የአየርላንድ መንግሥት እንድትባረር ወሰነ። ፖሊሶች ይዘው በመርከብ ሆሊሄድ ወደብ አደረሷትና ለእንግሊዝ ፖሊስ አስረከቧት። ከዚያ ምን ሆነች? «እንድትገባ ሳይፈቀድላት እንግሊዝ ውስጥ ተገኘች» ተብላ ጥፋተኛ ሆነች፤ ይግባኟም አልረዳትም። በገዛ እግሯ አልመጣችም፤ መምጣትም አልፈለገችም። ያለ ሐሳብ መቅጣት እስከ የት ሊወስድ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ መዝገብ አላውቅም። በእኛ 57ኛ አንቀጽ ቢታይ ክሱ ገና ሲነበብ የወደቀ ነው፤ 71ኛው አንቀጽም ሊቋቋሙት በማይቻል ኃይል ተገድዶ የሠራን ሰው ነጻ ያወጣዋል።

በአንጻሩ የሲንጋፖሩ ሊም ቺን አይክ ዕድለኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 አንድ ሚኒስትር ይህ ሰው ሲንጋፖር እንዳይገባ ትእዛዝ ፈረመ። ትእዛዙ ግን አልታወጀም፣ ለሰውዬውም አልደረሰም። ገብቶ ተያዘ፣ ተፈረደበትም። ይግባኙ ለንደን ለሚገኘው የንግሥቲቱ የፕሪቪ ካውንስል የዳኝነት ጉባኤ ቀረበና ፍርዱ ተሻረ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ ሊያውቀው የማይችለውን ክልከላ ጣሰ ብሎ ሰውን መቅጣት ሕግ አክባሪ አያደርገውም፤ ምንም ቢጠነቀቅ ከቅጣቱ ማምለጥ አይችልም ነበርና።

ኒውዚላንድ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1984 አንዲት የቶንጋ ተወላጅ የመኖሪያ ፈቃዷ አልቆ በመቆየቷ ተከሰሰች። እርጉዝ ስለነበረች የሚያሳፍራት አየር መንገድ አላገኘችም። ፍርድ ቤቱ መሄድ ያልቻለችን ሴት አልሄድሽም ብሎ መቅጣት አይቻልም ብሎ ነጻ አወጣት።

ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2009 ያለ ፈቃድ መግባትን ወንጀል አድርጋለች፤ የተቀመጠው ቅጣት ከ5,000 እስከ 10,000 ዩሮ መቀጮ እንጂ እስር አይደለም። እንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ሕጓን አጥብቃ እስከ አራት ዓመት እስር ደነገገች፤ «እያወቀ» የሚለው ቃል ግን በሕጉ ውስጥ አለ።

በአሜሪካ ያለ ፈቃድ መግባት የወንጀል ቅጣት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ረቂቁን የገፋው የሳውዝ ካሮላይናው ሴናተር ኮልማን ብሊዝ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ እስከ ስድስት ወር፣ የደገመ እስከ ሁለት ዓመት ሊታሰር ይችላል።

እዚያው አሜሪካ «መግባት» ማለት አጥር መዝለል ብቻ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ2000 የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ አጥሩን ሲዘልል ጀምሮ በካሜራ እየታየ ጥቂት እርምጃ ሳይርቅ የተያዘን ሰው ገና አልገባም ብሏል። ከጠባቂዎች ዐይን ነጻ ሆኖ አልተንቀሳቀሰምና።

እ.ኤ.አ. በ2025 የሆነው ደግሞ ለዛሬው ርእሳችን ዋነኛው ነው። መንግሥት በኒው ሜክሲኮ ድንበር ላይ ያለውን ቀጭን መሬት የጦር ክልል ብሎ ሰየመው። ይህ 60 ጫማ ስፋት ያለው መሬት ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1907 ለመንግሥት የከለሉት ነው። ከዚያ ወዲህ የሚሻገሩ ሰዎች ሁለት ክስ ይቀርብባቸው ጀመር፦ ያለ ፈቃድ መግባትና የጦር ክልል መድፈር። በግንቦት ወር በላስ ክሩሴስ ከተማ ዳኛ ግሪጎሪ ዎርሙዝ በ98 ሰዎች ላይ የቀረበውን ሁለተኛውን ክስ ውድቅ አደረጉ። ሰዎቹ የረገጡት መሬት የጦር ክልል መሆኑን ማወቃቸውን የሚያሳይ ነገር አልቀረበም አሉ። የመጀመሪያው ክስ ግን በቦታው ቀረ። አንድ እግር፣ አንድ እርምጃ፤ ለአንዱ ክስ የሚበቃው እውቀት ለሌላው አልበቃም። በጥንቃቄ የሠራ ዳኛ ማለት ይህ ነው።

የሐሰት ወረቀት ይዘው ለሚሠሩም እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ውሳኔ አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ፣ በሌላ ሰው መታወቂያ መጠቀም የሚያስከትለውን ከባድ ቅጣት ለመጣል ተከሳሹ ቁጥሩ በእርግጥ የሌላ ሰው መሆኑን ማወቁ መረጋገጥ አለበት ብሏል።

ያውቁ ኖሯል? በእንግሊዝ የስደተኞች ሕግ ስሙ የሚጠራ አንድ ትልቅ ፍርድ የተሰጠው በኢትዮጵያዊት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአገሯ የሸሸች አንዲት ሴት ወደ ዋሽንግተን ልትሻገር ስትል ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በሐሰተኛ ፓስፖርት ተያዘች። ዐቃቤ ሕግ በአንድ ድርጊት ሁለት ክስ አቀረበ። በመጀመሪያው ላይ የስደተኛ መከላከያዋ ተቀባይነት አግኝቶ ነጻ ወጣች። ለሁለተኛው ግን ያ መከላከያ አይሠራም ተባለና ዘጠኝ ወር ተፈረደባት። ጉዳዩ በጊዜው የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ እስከነበረው የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 ዳኛው ሎርድ ቢንግሃም ያሉበት ጉባኤ በሦስት ለሁለት ድምፅ ፍርዱን ሻረው። ለመሸሽ ስትል በመንገድ ላይ ያለች ስደተኛ ጥበቃው ይገባታል፤ በአንዱ ክስ የተሰጣትን በሌላ ክስ መንጠቅ አይቻልም አሉ። ለዚህች ሴት ክርክር የቆሙት ጠበቆች ለብዙ ወገኖቻችን መንገድ ከፍተዋል።

የዚህ ፍርድ መሠረት እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት 31ኛ አንቀጽ ነው። ሕይወቱ አደጋ ላይ ከወደቀበት አገር በቀጥታ የመጣ ሰው፣ ሳይዘገይ ለባለሥልጣን ከቀረበና በቂ ምክንያት ካስረዳ፣ ያለ ፈቃድ በመግባቱ አይቀጣም። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው በ1962 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በመተማ በኩል የገቡት ሰዎች ብዙዎቹ የያዙት ነፍሳቸውን ብቻ ነበር። እኛ የእነሱን ባዶ እጅ በምናይበት ዐይን ነው የእኛ ልጆች ሌላ አገር እንዲታዩ የምንሻው።

አሻጋሪና ተሻጋሪም በሕግ አንድ አይደሉም። ኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት ፕሮቶኮል አሻጋሪን የሚያስጠይቀው ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም ለማግኘት ብሎ ሲሠራ ነው። ስደተኛው ግን በደላላ በመሻገሩ ብቻ በዚህ ፕሮቶኮል አይከሰስም፤ አገሮች በራሳቸው ሌላ ሕግ መጠየቃቸው ግን አልተከለከለም።

ያውቁ ኖሯል? የፖሊስ ስፖርት ክለብ «ኦሜድላ» የሚለውን ስሙን የወሰደው ከድንበር መሻገሪያ ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ወደ ጎጃም የገቡት በኦሜድላ በኩል ነበር። መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ። አገሩን በያዘው በጣሊያን ዐይን ያለ ፈቃድ የገቡ ነበሩ። ዛሬ በሕገ መንግሥቱ 32ኛ አንቀጽ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ የመመለስ መብት አለው፤ ከበረሃ ተርፎ፣ ወረቀቱ በመንገድ ጠፍቶበት የሚመለሰውም ጭምር።

በመጨረሻ ለቤተሰብ የሚጠቅም ነገር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ 134ኛ አንቀጽ እንደሚለው፣ ተከሳሽ ጥፋቱን አምኗል የሚባለው የክሱን ፍሬ ነገር ሁሉ ያለ ምንም ገደብ ሲያምን ብቻ ነው። «አዎ፣ ተሻግሬያለሁ፤ ድንበር መሆኑን ግን አላወቅሁም» ያለ ሰው አላመነም። ዳኛው የክህደት ቃል አድርጎ መዝግቦ ማስረጃ መስማት ይኖርበታል።