«ሕዝቡ ገና አልሠለጠነም» ከማለት በፊት

ተረት፦ የጅማ፣ የአጋሮና የሊሙ ገነት ሰው የመንግሥትን የኦንላይን አገልግሎት የማይጠቀመው ስላልተማረና ወረፋ ስለለመደ ነው።

እውነታ፦ ይህን አባባል ቴሌብር ብቻውን ያፈርሰዋል። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ኢንተርኔት በሌለው ስልክም *127# ብሎ ገንዘብ መላክ ያስችላል፤ በአፋን ኦሮሞም ይሠራል። በጥቂት ዓመታት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ደንበኛ ሲያፈራ ሁሉም ዲግሪ የጫነ አልነበረም። «የነዳጅ ሒሳብ በግዴታ በዲጂታል እንዲከፈል ስለተደረገ ነው» የሚል ይኖራል። ግዴታው የመጣው ግን በ2015 ዓ.ም. ነው፤ ብዙ ሚሊዮን ሰው ከዚያ በፊት ገብቶበታል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ልጁ ገንዘብ የሚልክ አባትንም ያስገደደው የለም። ጉዳዩ እዚያው ስልኩ ላይ ስለሚያልቅለት ወደደው።

ተረት፦ ቅጹ ድረ ገጽ ላይ ከተጫነ አገልግሎቱ ኦንላይን ሆኗል።

እውነታ፦ የቡና አቅራቢን እንውሰድ። የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደስበት ጊዜ መጨረሻ ቡናው ከሚለቀምበትና ከሚሰበሰብበት ወቅት ጋር ይገጥማል፤ ለእሱ አንድ የሥራ ቀን ብዙ ዋጋ አለው። ማመልከቻውን በስልኩ ሞልቶ ለግብር ክሊራንስ ወይም ለአንድ ማህተም ተመልሶ ቢሮ የሚሄድ ከሆነ ድካሙ እጥፍ ሆነበት እንጂ አልቀለለትም። በቀጥታ ቢሮ መሄድን ቢመርጥ ሒሳቡን አስልቶ ነው፤ ኋላ ቀርነት ሊባል አይገባም።

ተረት፦ ኔትወርክ ከተዳረሰ ሌላው ራሱ ይስተካከላል።

እውነታ፦ ኔትወርክና መብራት በሚቆራረጥበት ገጠር ይህ ክርክር ግማሽ እውነት አለው። ሆኖም ተመራማሪዎቹ ካርተርና ቤላንዠር በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ ኢንተርኔት በተስፋፋባት አሜሪካ እንኳ ዜጎች የመንግሥትን የኦንላይን አገልግሎት ለመጠቀም ያላቸውን ፍላጎት የሚወስኑት የአጠቃቀም ቅለት፣ ከአኗኗራቸው ጋር መጣጣምና አመኔታ መሆናቸውን አሳይቷል። አመኔታ እኛም ዘንድ በተጨባጭ ይፈተናል። ኢንተርኔት ቤት ቅጽ የሚያስሞላ ሰው የይለፍ ቃሉ በሌላ ሰው እጅ ይቀራል፤ የማረጋገጫ ቁጥሩም የሚላከው በልጁ ወይም በጎረቤቱ ስልክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀበሌ ውስጥ በሕግ ተጠያቂ የሆነ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የሚያስረዳ ረዳት ሠራተኛ ማስቀመጥ ከአዲስ መተግበሪያ ይቀድማል። መሥሪያ ቤቶችም አገልግሎታቸውን የሚመዝኑት በተመዘገበው ሰው ብዛት ሳይሆን ቢሮ ሳይረግጥ ጉዳዩ በተፈጸመለት ሰው ብዛት መሆን አለበት። ሕዝቡን አልሠለጠነም ለማለት መብት የሚኖረው ይህን ያሟላ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው፤ ያሟላ ደግሞ እንዲያ የሚልበት ምክንያት አይኖረውም።