ከ9 ሰዓት በኋላ

በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ወጣት ጸሐፊ፥ ሰዓቱ ሲደርስ ሻይ ቤት ገብቶ ሳምቡሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ይወስዳል፤ ዋናውን እንጀራ ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት በልቶ ወዲያው ይተኛል። ስንቶቻችን እንዲህ እናደርጋለን!

በአሜሪካ፥ ወደ ስኳር በሽታ የተቃረቡ 8 ወንዶች ለ5 ሳምንት ራታቸውን በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት እንዲጨርሱ ተደርጎ ነበር። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት፥ ክብደታቸው ሳይቀንስ ኢንሱሊን ይበልጥ እንደ ሠራላቸውና የደም ግፊታቸውም ዝቅ እንዳለ ያስረዳል። እነርሱ በሚያቆሙበት ሰዓት እኛ እንጀምራለን ማለት ነው።

የጾሙ ሰዓት ሥርዓት ነውና አይነካም። ምስሩንና ጎመኑን በ9 ሰዓት ለመብላት፥ ራትንም አቅልሎ በ12 ሰዓት ለመጨረስ ግን ምን ይከለክለናል? ምሳ ዕቃውን ጧት ይዞ መውጣት ብቻ ነው፤ ሽሮው ቢቀዘቅዝም ከሳምቡሳው ይሻላል።