የዛሬው ስክሪፕት የትኛው ነው?

አንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ወደ ቀረጻ ሲገባ ስክሪፕቱ ድርሰትነቱ ይቀርና የሥራ ትእዛዝ ይሆናል። አልባሳት የሚያሰናዱት ስንት ሸሚዝ ደም እንደሚነካው፣ ቦታ የሚፈልገው ባለሙያ ስንት ቤት መከራየት እንዳለበት፣ ረዳት ዳይሬክተሩ የትኛው ተዋናይ በስንት ሰዓት እንደሚጠራ የሚያውቁት ከዚያ ወረቀት ነው። ጸሐፊው ቢሮው ተቀምጦ «ዝናብ እየዘነበ ነው» የምትል ሐረግ ቢጨምር፣ ሌላ ቦታ የውኃ ቦቴ ይታዘዛል። ስለዚህ መቶና ሁለት መቶ ሰው በሚሠራበት ቀረጻ ላይ፣ ስክሪፕቱ አማረ አላማረ ከመባሉ በፊት የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ የዛሬው የትኛው ነው? ለዚህ ጥያቄ ሁሌም አንድ መልስ ብቻ እንዲኖር ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የስክሪፕት አስተባባሪ፣ በሙያው ሰዎች አጠራር ስክሪፕት ኮኦርዲኔተር ነው። ተመልካች አያውቀውም፤ በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ከታይፒስት አያስበልጡትም። ይህ ግምት የተሳሳተ ነው ስል ሥራው አድካሚ ነው ብዬ አይደለም፤ አድካሚ ሥራ ሁሉ ትልቅ ሥራ አይሆንም። ስክሪፕት ሥልጣን የሚያገኘው በሁሉም እጅ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው፤ ያን አንድነት የሚፈጥረው ደግሞ አስተባባሪው ነው።

ስሙ ከስክሪፕት ሱፐርቫይዘር ጋር ይምታታል። ሱፐርቫይዘሩ ካሜራው አጠገብ ሆኖ ተዋናዩ ብርጭቆውን በየትኛው እጁ እንደያዘ፣ የትኛውን ቃል እንደዘለለ ይመዘግባል። እ.ኤ.አ. በ2019 «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በተባለው ተከታታይ ድራማ ላይ የግብዣ ገበታ መሐል የዘመናችን የቡና ኩባያ ተረስቶ ሲታይና ዓለም ሲስቅበት፣ ጉዳዩ የቀረጻው ቦታ ሰዎች ጉዳይ ነበር። አስተባባሪው ግን የሚውለው ከጸሐፊዎቹ ጋር ነው። በነባሩ የኔትወርክ ልማድ አንድ ሲዝን 22 ክፍል ያህል ስለነበረው፣ ሰባተኛው ክፍል ሲቀረጽ ስምንተኛው ለዝግጅት ይሰጣል፣ ዘጠነኛው ይጻፋል፣ አምስተኛው ኤዲቲንግ ላይ ነው። በዘጠነኛው ላይ የዋናው ገጸ ባሕርይ ወንድም ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው ተብሎ ቢጻፍ፣ በሰባተኛው ላይ «አምና» መባሉን የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል፤ ያውም ሰባተኛው ተቀርጾ ሳያልቅ።

የሥራው መሣሪያ የወረቀት ቀለም ነው። ለቀረጻ የጸደቀው ረቂቅ ነጭ ነው። የመጀመሪያው ለውጥ በሰማያዊ ይወጣል፤ ቀጥሎ ሮዝ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ከዚያም ወርቃማ ቢጫ እያለ ይሄዳል። ቅደም ተከተሉ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ ትንሽ ይለያያል፤ ቀለሙ ሲያልቅ ወደ ነጭ ተመልሶ «ሁለተኛ ነጭ» ይባላል፤ እዚያ የደረሰ ክፍል መከራውን ያየ ክፍል ነው። ትልቁ ብልሃት ያለው ግን የገጽ ቁጥሩ ላይ ነው። ስክሪፕቱ አንዴ ከተሠራጨ ገጾቹ ይቆለፋሉ። ገጽ 12 ላይ ንግግር ቢጨመርና ቢተርፍ፣ ትርፉ ወደ 13 አይፈስም፤ «12ኤ» የሚባል አዲስ ገጽ ይገባል። አንድ ትዕይንት ቢወጣም ቁጥሩ አይጠፋም፤ «ተሰርዟል» ተብሎ ቦታውን እንደያዘ ይቆያል። በተነካው መስመር ሁሉ ትይዩ፣ ቀኝ ኅዳጉ ላይ ኮከብ ይደረጋል። ትዕይንት 31 እስከ መጨረሻው 31 ሆኖ ካልቆየ፣ በእሱ ቁጥር የተከራየው ቤት፣ የተሰፋው ቀሚስ፣ የተያዘው ቀን ሁሉ ወደ ጎረቤቱ ትዕይንት ይንሸራተታል። የቀረጻ መርሐ ግብር የሚሰላው አንዱን ገጽ ለስምንት እየከፈሉ ነውና፣ «ሁለት ስምንተኛ» የነበረው ትዕይንት ሳይነገር «አምስት ስምንተኛ» ከሆነ የዕለቱ ሥራ ለነገ ያድራል።

ሕግም አለበት። የኤምጂኤም ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1932 ያወጣው «ራስፑቲን ኤንድ ዘ ኤምፕረስ» የተባለ ፊልም ናታሻ የምትባል ልዕልት የሩሲያ ንጉሣዊ ቤተሰብ ባለሟል በነበረው በራስፑቲን ክብሯ ሲነካ ያሳያል። ከራስፑቲን ገዳዮች አንዱ የነበረው የልዑል ፌሊክስ ዩሱፖቭ ባለቤት፣ ልዕልት ኢሪና፣ «ናታሻ የተባለችው እኔ ነኝ» ብላ ለንደን ላይ ከሰሰች፤ እ.ኤ.አ. በ1934 25,000 ፓውንድ ተፈረደላት። «ገጸ ባሕርያቱ የፈጠራ ናቸው» የሚለው ማስታወሻ በየፊልሙ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ማስታወሻው ብቻውን ስለማይበቃ ዛሬ አስተባባሪው ረቂቁን ለስም አጣሪዎች ይልካል። ቺካጎ ውስጥ ለሚኖር ክፉ የልብ ሐኪም የተሰጠው ስም በእውነተኛዋ ቺካጎ የአንድ ልብ ሐኪም ስም ብቻ ሆኖ ከተገኘ ይለወጣል፤ ብዙዎች የሚጠሩበት ከሆነ ግን ያልፋል፤ ማንም ተነሥቶ «እኔን ነው» ሊል አይችልምና። የስልክ ቁጥር ከሆነ ከ555-0100 እስከ 555-0199 ያለው ለፈጠራ ሥራ የተተወ ነው። የተለወጠውን ስም በየገጹ፣ በየበሩ ታፔላና በየመታወቂያው ላይ እየተከተለ የሚያሳርመው ይኸው ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ሶፍትዌር ይሠራዋል የሚል ይኖራል። እውነት አለው። «ፋይናል ድራፍት» ገጽ ይቆልፋል፣ ኮከብ ይጥላል፣ ቀለም ይሰይማል። የማይችለው ዋናው ጸሐፊ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የላከው መልእክት ውሳኔ ይሁን ሐሳብ መለየትን ነው። ውሳኔ ያልሆነውን ሐሳብ ሮዝ ወረቀት ላይ አትሞ ማሠራጨት ከታይፕ ስሕተት የከፋ ነው፤ ሁለት መቶ ሰው ይታዘዘዋልና። «ካዛብላንካ» እ.ኤ.አ. በ1942 መቀረጽ ሲጀምር ስክሪፕቱ አላለቀም ነበር፤ ታላቅ ፊልም ሆኖ ሳለ ይህ ሁሉ ሥርዓት ለምን የሚል ደግሞ ይመጣል። ግን የድርሰቱ አለማለቅና የወረቀቱ መዘበራረቅ ሁለት ነገር ናቸው። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ስክሪፕት የሚተይብና የሚያባዛ የራሳቸው ክፍል ነበራቸው፤ ጸሐፊው እስከ መጨረሻው ሊያመነታ የቻለው ያመነታው ሁሉ በሥርዓት ለሁሉም ይደርስ ስለነበር ነው። አስተባባሪውን «ገልባጭ ጸሐፊ ብቻ ነው» የሚለው ንቀትማ በአማርኛ ሲነገር አይጥምም። ጸሐፌ ትእዛዝ በቤተ መንግሥቱ የማኅተም ጠባቂ ነበር፤ ቃሉ የንጉሡ ነው፣ ትእዛዝ ሆኖ የሚወጣው ግን በእሱ እጅ አልፎ ነው።

ደመወዙ ግን ማኅተም ጠባቂን አይመስልም። አስተባባሪዎቹ በጸሐፊዎች ማኅበር አይደለም የሚወከሉት፤ ሱፐርቫይዘሮችንም በሚያቅፈው፣ አያትሲ በተባለው የመድረክና የፊልም ሠራተኞች ማኅበር ቅርንጫፍ፣ በሎካል 871 ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አያትሲ ከስቱዲዮዎቹ ጋር ሲደራደር የዝቅተኛ ተከፋዮች ደመወዝ ከዋና ጉዳዮቹ አንዱ ነበር፤ አስተባባሪዎቹም ከእነዚህ ተከፋዮች መሐል ነበሩ። ጸሐፊዎቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ለ148 ቀን ሥራ ሲያቆሙ ደግሞ፣ የማኅበራቸው አባል ያልሆነው አስተባባሪ ቢሮው ተዘግቶበት ቤቱ ዋለ። ለዚህ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ቦታው ወደ ጸሐፊነት መውጫ መሰላል ነው፣ ስለዚህ ትዕግሥት ነው የሚከፈለው። በዚህ በር ገብተው ጸሐፊ የሆኑ መኖራቸው አይካድም። ነገር ግን አንድን ሥራ ገና ለማይታወቅ የነገ ዕድል ሲባል በርካሽ ማሠራት፣ ሥራው ራሱ ዋጋ የለውም ብሎ ከማመን ጋር አንድ ነው፤ እንዲህ አለመሆኑን ደግሞ ክርክር ሲነሣ ስቱዲዮዎቹም ያውቁታል። በአሜሪካ ይህን ድርሰት ማን ጻፈው ተብሎ ጭቅጭቅ ሲነሣ ነገሩ ለሦስት ዳኞች ይቀርባል። ዳኞቹ ስም አያዩም፤ ጸሐፊዎቹ በፊደል ነው የሚጠሩት። የሚያነቡት አስተባባሪው በየቀኑ ለይቶ ያስቀመጠውን የረቂቅ ክምር፣ ከነጩ እስከ ሁለተኛው ነጭ፣ ነው።