ያውቁ ኖሯል? ተዋናይ፣ አዘጋጅ፣ መምህርና ጸሐፊው ስታኒስላቭስኪ

የቴአትር ሰዎቻችን ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪን በደንብ ያውቁታል። ስሙ የሚነሣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትወና ካስተማረው ዘዴ ጋር ብቻ ነው። ሰውየው ተዋናይም፣ አዘጋጅም፣ መምህርም፣ ጸሐፊም ነበር። ለሌላው ያስተማረው ደግሞ በአመዛኙ እሱን ራሱን መድረክ ላይ ያስቸገረውን ነገር ነው።

ስታኒስላቭስኪ የቤተሰቡ ስም እንዳልሆነስ ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ1863 ሞስኮ ሲወለድ ኮንስታንቲን አሌክሴዬቭ ነበር። ቤተሰቡ የወርቅና የብር ክር የሚያመርት ፋብሪካ ያለው ባለጸጋ ነው። በዚያ ዘመን የተከበረ ነጋዴ ልጅ በአደባባይ ሲተውን መታየቱ ስለማያስመሰግን፣ ወጣቱ ከአንድ አማተር ተዋናይ ስም ተውሶ መድረክ ወጣ። ስሙን ቢቀይርም ፋብሪካውን አልተወም፤ ለረጅም ዓመታት የቴአትሩንም የፋብሪካውንም ሥራ ጎን ለጎን ይመራ ነበር።

የመጀመሪያ ትወናው በእሳት አደጋ ማብቃቱንስ? ገና ሕፃን ሳለ በቤተሰቡ የገጠር መኖሪያ በተዘጋጀ ትዕይንት ላይ ክረምትን ሆኖ እንዲቀመጥ ተደረገ። የጥጥ ጢም አደረጉለት፣ ፊት ለፊቱ ሻማ አበሩለት፣ እጁ ላይ እንጨት ሰጡትና ወደ እሳቱ እንደምትከት አስመስል ብቻ አሉት። ልጁ ማስመሰል የሚሉት ነገር አልገባውም። እንጨቱን እውነት እሳቱ ውስጥ ከተተው፣ ጥጡም ተቀጣጠለ፣ እየጮኸ ተሸክመው አወጡት። ካረጀ በኋላ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ይህን ትዝታ በዝርዝር አስፍሮታል። መድረክ ላይ ያለ ምንም ምክንያት ተጎልቶ መታየት እንዴት እንደሚያሳፍርም ያኔውኑ እንደተሰማው ይናገራል።

የሞስኮ አርት ቴአትር የተወለደው በአንድ ረጅም ጨዋታ ነው። በ1897 ስታኒስላቭስኪና ጸሐፌ ተውኔቱ ኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ምሳ ለመብላት ምግብ ቤት ተቀጣጠሩ። ወሬው ወደ ስታኒስላቭስኪ ቤት ዞሮ እስከ ማግስቱ ጠዋት፣ 18 ሰዓት ያህል ዘለቀ። ሲለያዩ የተውኔት ምርጫው የኔሚሮቪች፣ የመድረክ ዝግጅቱ የስታኒስላቭስኪ እንዲሆን ተስማምተው ነበር። ቴአትሩ በ1898 ተከፈተ።

ለእኛ ደግሞ የሚገርም አጋጣሚ አለ፦ ከአድዋ ድል በኋላ ወደ ሩሲያ ተልከው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ይህ ቴአትር ሲከፈት እዚያው ሩሲያ ነበሩ። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለውን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በኋላ የጻፉት እሳቸው ናቸው።

የሩሲያዊው ጸሐፌ ተውኔት የቼኮቭ «ሲጋል» (የባሕር ወፍ) በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ አሳፋሪ ውድቀት ገጥሞት እንደነበርስ ያውቁ ኖሯል? ደራሲው ሁለተኛ ተውኔት አልጽፍም እስከማለት ደርሶ ነበር። የሞስኮ አርት ቴአትር ከሁለት ዓመት በኋላ ደፍሮ አነሣው። የመጀመሪያው ገቢር አብቅቶ መጋረጃው ሲዘጋ ከአዳራሹ ድምፅ ጠፋ። ተዋንያኑ ወደቅን ብለው እንባ ሲተናነቃቸው ጭብጨባው ድንገት ፈነዳ። ያቺ የባሕር ወፍ እስከ ዛሬ የቴአትሩ ዓርማ ናት።

ቼኮቭ ግን በዚሁ ተውኔት ደራሲውን ትሪጎሪንን ሆኖ በተጫወተው በስታኒስላቭስኪ አልረካም። ስታኒስላቭስኪ ገጸ ባሕርዩን ነጭ ልብስ የለበሰ ቄንጠኛ አድርጎት ነበር። ቼኮቭ የሰጠው አስተያየት ይህ ሰው ባለካሬ ሱሪና የተቀደደ ጫማ ያስፈልገዋል የሚል ብቻ ነው። ስታኒስላቭስኪ ነገሩን ሲያሰላስል ከርሞ በኋላ እውነቱን ነው አለ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ የ1906ቱ ታሪክ ነው። ቡድኑ ከአውሮፓ ጉዞ በዝና ተመልሷል፣ ስታኒስላቭስኪም 43 ዓመቱ ነው። ያኔ ነው ባስጨበጨቡለት ሚናዎች ውስጥ ሕይወት እንደሌለ የተረዳው፤ እጁ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ ይወጣል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ለዕረፍት ፊንላንድ ሄዶ የዓመታት ማስታወሻዎቹን መመርመር ጀመረ። ዛሬ በዓለም የትወና ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ዘዴ ሥሩ እዚህ ነው። በጭብጨባ መሃል ይህን ያህል ራሱን የሚጠይቅ ተዋናይ ጥቂት ነው።

ዘዴው ሲሠራ ምን እንደሚመስል ስለ ትወና በጻፈው መጽሐፍ ካሉት ትምህርቶች አንዱ ያሳያል። መምህሩ ለአንዲት ተማሪ መጋረጃው ላይ የተሰካ የጌጥ መርፌ እንድትፈልግ ይነግራታል። ልጅቷ መድረክ ላይ ትሮጣለች፣ ራሷን ትይዛለች፣ ደረቷን ትመታለች። ደስ ብሏት ስትመለስ መምህሩ ጌጡ የታለ ይላታል፤ መፈለጉን ረስታዋለች! ካላገኘሽው ከትምህርት ቤቱ ትወጫለሽ ሲላት እጥፋቱን ሁሉ አንድ በአንድ እየገለጠች ትፈልጋለች፣ የተመልካቾቿም ዓይን ከሷ አይነቀልም። እኔ በዚህ ሰው ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር የሚለው ታዋቂ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው ሥራውን የሚሠራው።

በ1917 ከገዛ ቴአትሩ ሚና መነጠቁንስ ያውቁ ኖሯል? በዶስቶየቭስኪ ሥራ ላይ በተመሠረተ ተውኔት ረጅም ጊዜ ከተለማመደ በኋላ ኔሚሮቪች ሚናውን ለሌላ ተዋናይ ሰጠበት። ስታኒስላቭስኪ ውሳኔውን ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ ግን አንድም አዲስ ሚና አልፈጠረም፤ የድሮዎቹን ብቻ ይጫወት ነበር።

የሕይወት ታሪኩ መጀመሪያ የታተመው በሩሲያኛ ሳይሆን በእንግሊዝኛ ነው። ቡድኑ አሜሪካን ሲጎበኝ በ1924 ወጣ፤ የሩሲያኛው የተከተለው በ1926 ነው። ለመጻፍ ካጣደፉት ነገሮች አንዱ በሳንባ ነቀርሳ የታመመ ልጁን ለማሳከም ገንዘብ ማስፈለጉ ነበር።

በ1928 የቴአትሩ 30ኛ ዓመት ሲከበር በቼኮቭ «ሦስቱ እህትማማቾች» ውስጥ መኮንኑን ሆኖ ሲጫወት የልብ ሕመም ያዘው። የጀመረውን እስከ መጨረሻው ተጫውቶ፣ ተመልካቹን እጅ ነሥቶ፣ ከዚያ ወደቀ። ዳግመኛ አልተወነም። የቀሩትን 10 ዓመታት በአመዛኙ ቤቱ ውስጥ ሲያስተምርና ሲጽፍ ኖረ።

በእነዚያ ዓመታት ያደረገውን አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። የቀድሞ ተማሪው ሜየርሆልድ መንገዱን ለይቶ የእሱ ተቃራኒ የሚባል አዘጋጅ ሆኗል። በ1938 የስታሊን መንግሥት ቴአትሩን ሲዘጋበትና ሰው ሁሉ ሲሸሸው፣ በሕመም ላይ የነበረው ስታኒስላቭስኪ ጠርቶ በራሱ የኦፔራ ቴአትር ሥራ ሰጠው። ስታኒስላቭስኪ በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ሞተ። ሜየርሆልድ በ1939 ታሰረ፣ በ1940 ተገደለ።

ስለ ትወና የጻፈው ትልቁ ሥራው ለሁለት መከፈሉንስ ያውቁ ኖሯል? ስለ ውስጣዊ ስሜት የሚያወራው ክፍል በእንግሊዝኛ በ1936 ወጣ። ስለ ድምፅ፣ ስለ ሰውነት፣ ስለ ንግግርና ስለ ምት የሚያስተምረው ሁለተኛው ክፍል የወጣው በ1949 ነው። በመካከሉ 13 ዓመት አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ብዙ የእንግሊዝኛ አንባቢ የስታኒስላቭስኪ ትምህርት ስሜትን ከውስጥ መቆስቆስ ብቻ ነው ብሎ አመነ፤ አለመግባባቱም ዛሬ ድረስ አልጠራም። ትወና የምትማሩም ሆነ የምታስተምሩ፣ የመጀመሪያውን አንብባችሁ የቆማችሁ ካላችሁ ሁለተኛውን ፈልጋችሁ አንብቡ።