ለፓኬጅ ማኔጀር የራሱ አካውንት

እንደሚታወቀው በቤተ ሙከራ አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ተጠቃሚዎች ያገለግላል። ለመሆኑ አዲስ ፕሮግራም የመጫን ሥልጣን የማን ሊሆን ይገባል?

ፓኬጅ ማኔጀር ፕሮግራሞችን ከሚደገፉባቸው ሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ከኢንተርኔት አውርዶ የሚጭን፣ የሚያድስና የሚያስወግድ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረውንና በማክ ኮምፒውተሮች የሚዘወተረውን ሆምብሪውን ለአብነት እንውሰድ። ሆምብሪው በተለመደው አሠራር ሁሉን ማድረግ በሚችለው «ሩት» በተባለው አካውንት አይሠራም፤ ፕሮግራሞቹን የሚያኖርበት ማህደር የአንድ ተራ ተጠቃሚ ንብረት ነው። ማህደሩን ለሁሉም ክፍት ብናደርገው አንዱ የለወጠውን ፕሮግራም ሌላው ሳያውቅ ያስነሳዋል፤ የወራት የምርምር ውጤቱም ለአደጋ ይጋለጣል።

መፍትሔው የአስተዳዳሪነት ሥልጣን የሌለው፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚውል አካውንት ከፍቶ ማህደሩን ለእርሱ ማስረከብ ነው። የተፈቀደላቸው ሰዎች በሌላ አካውንት ስም ለመሥራት በሚያስችለው «ሱዶ» በተባለው ትእዛዝ አማካይነት ይጭናሉ፤ የቀሩት ፕሮግራሞቹን ይጠቀማሉ እንጂ ሊለውጧቸው አይችሉም። ነገሩ ከንብረት ክፍል አሠራር ጋር ይመሳሰላል፤ ዕቃው የሁሉም ቢሆንም ቁልፉ በአንድ እጅ ነው።

ይህም ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ ካብራሯቸው መርሖች አንዱ ነው፦ ማንኛውም ፕሮግራም ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን ሊሰጠው አይገባም።

ይሁን እንጂ አንድ ፕሮግራም ከተጫነ በኋላ የሚሠራው ባስነሳው ተጠቃሚ ሥልጣን ነው። ስለሆነም የተለየ አካውንት ጉዳቱን ይገድባል እንጂ የፓኬጁን ምንጭ ከመመርመር ኃላፊነት ነፃ አያወጣንም።